«ሦስተኛው ነው እንዴ?» ለተባለችው እናት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ 29 ዓመቴ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 9 ወር ሆነኝ፤ ሁለቱንም በምጥ ነው የወለድኩት፣ አሁንም አጠባለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63፣ ኪሎዬ 61 ነው፤ ወደ ድሮው ተመልሻለሁ ማለት ይቻላል። ሆዴ ግን አልገባም አለኝ። ወገቤ ሲለካ 79 ሴንቲ ነው። በቀን 8 ሰዓት የወገብ ማሰሪያ አስራለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ እጠጣለሁ፣ ማታ 100 ሲት አፕ እሠራለሁ፣ ራት ካቆምኩ ወር አልፎኛል። ባለፈው ቡና ላይ አማቴ ‹ሦስተኛው ነው እንዴ?› ብለውኝ መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የእህቴ ሠርግ ጥር ላይ ነው፣ 7 ሳምንት ቀርቶኛል። እስከዚያ ሆዴ ዝርግ እንዲል ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ውሎዬ ከወለዱ ሴቶች ጋር ነው፤ ሆዳቸው፣ ወገባቸው፣ ሲያስነጥሳቸው የሚያመልጣቸው ሽንት፣ የኔ ሥራ እሱ ነው። በዕድሜም ታላቅሽ ሳልሆን አልቀርም፣ ስለዚህ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል። ሁለት ልጅ አለኝ። ሆዴ ዝርግ አይደለም። ይሄንንም ቀድመሽ እወቂልኝ።

መልሱን ከላይ ላስቀምጠው። በ7 ሳምንት ዝርግ አይሆንም። ምናልባት በ7 ወርም አይሆንም። ጨከንኩ አይደል? ግን የላክሽልኝን ቁጥሮች ሳያቸው መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ «የቱን ቦርጭ ነው የምታወሪው?» የሚል ነው።

በቁመትሽና በኪሎሽ ስናሰላው ቢኤምአይሽ፣ ማለትም ኪሎሽ ለቁመትሽ መመጣጠኑን የሚያሳየው ቁጥር፣ 23 ገደማ ነው፤ ጤነኛ የሚባለው ከ18.5 እስከ 25 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሴት ወገብ ማስጠንቀቅ የሚጀምረው ከ80 ሴንቲ ሲያልፍ ነው። ሌላም ቀላል መለኪያ አለ፣ ወገብሽ ከቁመትሽ ግማሽ እንዳይበልጥ የሚለው። የቁመትሽ ግማሽ 81 ተኩል ነው፣ አንቺ 79 ነሽ። ያውም በወለድሽ በ9 ወርሽ። እኔ ዘንድ መጥተሽ ለክቼሽ ቢሆን ኖሮ «እሺ፣ ቀጥሎስ?» ብዬ ወደ ሌላ ጉዳይ ነበር የማልፈው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ሜትሩን ከመመለስሽ በፊት የባልሽንም ወገብ ለኪው። ወንድ ከ94 ሴንቲ ሲያልፍ ስጋቱ ይጀምራል፣ ከ102 ሲያልፍ ነገሩ ከበድ ይላል። ቤት ውስጥ የሚባለውን አውቀዋለሁ። የሱ ቦርጭ «ተመችቶታል፣ ሚስቱ ይዛዋለች» ተብሎ ይታለፋል፣ ያንቺ ደግሞ ቡና ላይ ይወራበታል። ወንዶች ላይ የሚበዛው ያ ወጠር ያለ ቦርጭ ስቡ ከጡንቻው በስተጀርባ፣ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የተቀመጠ ነው። ከስኳር፣ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር ይበልጥ የሚያያዘውም እሱ ነው። በጣትሽ ቆንጥጠሽ የምታነሺው ለስላሳው ግን ከቆዳ ሥር ያለው ነው፣ በጤና በኩል የዚያን ያህል አያሰጋም። በየቤቱ የሚታማው ሆድና መታከም ያለበት ሆድ ሁሌም አንድ አይደሉም።

እሺ፣ ታዲያ ኪሎዬ ከተመለሰ ሆዴ ለምን ወጣ ትይኛለሽ።

ማህፀን ባዶውን ሲሆን ዘይቱን ቢያክል ነው፣ 100 ግራም አይሞላም። መውለጃው ሲደርስ ራሱ ማህፀኑ ብቻ፣ ልጁንና ውሃውን ሳንቆጥር፣ 1 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እሱ በ6 ሳምንት አካባቢ ወደ ቦታው ይመለሳል። የሆድሽ ግድግዳ ግን እንደሱ አይፈጥንም። ከደረትሽ አጥንት ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ጡንቻዎች አሉ፣ መሃላቸውን የሚያያይዘው ቀጭን ጅማት ነው። ፅንሱ ሲያድግ ጡንቻዎቹ ግራና ቀኝ ይሸሻሉ፣ ጅማቱም ይለጠጣል። አለዚያ ልጁ የት ይደር? ይህ ክፍተት ዲያስታሲስ ይባላል። ኖርዌይ ውስጥ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ 300 ሴቶችን ተከታትሎ በ2016 የወጣ ጥናት አለ። ከወለዱ በ6ኛው ሳምንት 60 በመቶው፣ በ6ኛው ወር 45 በመቶው፣ ዓመት ሲሞላቸው እንኳ 33 በመቶ ያህሉ ክፍተቱ ነበረባቸው። ልብ በይ፣ የመጀመሪያ ልጅ ነው ያልኩሽ። አንቺ ሁለተኛሽ ነው።

አሁን ስልኩን አስቀምጪና ምንጣፍ ላይ በጀርባሽ ተኚ። ጉልበትሽን እጠፊ። የአንድ እጅሽን ጣቶች ገጥመሽ ከእምብርትሽ ከፍ ብሎ ወደ ጎን አሳርፊያቸው። ከዚያ ጭንቅላትሽን ብቻ፣ ትራስ የምትለውጪ ያህል፣ ቀና አድርጊ። ግራና ቀኝ ጠጠር ያለ ነገር ጣቶችሽን ሲነካቸው ይሰማሻል፣ ጡንቻዎችሽ እነሱ ናቸው። በመሃላቸው ስንት ጣት ይገባል? ከእምብርትሽ ዝቅ ብለሽም ሞክሪው። እስከ ሁለት ጣት ከሆነ ብዙ አያሳስብም። ከዚያ ከሰፋ፣ ወይም ጣትሽ እንደ ሊጥ ወደ ውስጥ ከሰመጠ፣ ወይም ቀና ስትይ መሃሉ እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾጠጥ ብሎ ከወጣ፣ ባለሙያ ይይልሽ። ያ ሹጠት ካለ ደግሞ 100ው ሲት አፕ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይቅር። ጅማቱን የበለጠ እየገፋሽው ሊሆን ይችላል።

ሹጠቱ ባይኖርም ሲት አፕ ቦርጭ አያጠፋም። ይሄን ለማሳመን ዘላለም ስጨቃጨቅ ነው የምኖረው። ሰው ሆዱ ሲቃጠል ስለሚሰማው ስቡ የቀለጠ ይመስለዋል፣ የሚቃጠለው ግን የደከመው ጡንቻ ነው። ሰውነት ስብ ሲያወጣ ከየትኛው ጓዳ እንደሚያወጣ አንቺን አያማክርም። በ2011 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ላይ ሰዎች ለ6 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ 7 ዓይነት የሆድ ስፖርት ሠሩ። ጡንቻቸው በረታ፣ ብዙ ጊዜ መነሳት ቻሉ። የሆዳቸው ስብ ግን አልቀነሰም። ከዚያ በፊት በ1971 የቴኒስ ተጫዋቾችን ክንድ የለኩ ሰዎች ነበሩ፤ ራኬት ስትመታ የኖረችው ክንድና ሥራ ፈት የዋለችው ክንድ ከቆዳ ሥር ያላቸው የስብ ውፍረት ያው ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይምጣ?

ሻዩን በተመለከተ ማሸጊያውን ገልብጠሽ አንብቢው። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው ሰናመኪ ነው፣ አያቶቻችን ሆድ ሲደርቅ የሚጠጡት። ያስቀምጥሻል፣ ውሃ ታጫለሽ፣ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ የጎደልሽ ይመስላል፣ ውሃ ስትጠጪ ተመልሶ ይመጣል። ስብ አልተነካም። ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ እንደ ፖታሲየም ያሉ ማዕድናትን ከሰውነት ያሟጥጣል። የምታጠቢ ሴት ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ በግልጽ ያልተጻፈበትን ነገር መጠጣት የለባትም። አቁሚው። ሰውነትሽ ለምዶት ለሁለት ሦስት ቀን ሆድሽ ቢደርቅ አትደንግጪ፤ ውሃ፣ ጎመን፣ ፓፓያ ይበቃል።

ማሰሪያው ላይ እናቶቻችንን ላለማስቀየም ልጠንቀቅ። አራስ ሴት ወገቧን በመቀነት ወይም በነጠላ ደገፍ አድርጋ ማሰሯ ችግር የለውም፣ በኦፕራሲዮን ለወለደች ሴት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙን ሊያቀልላት ይችላል። አንቺ የምታስሪው ግን ብረት ያለበት፣ በሦስት ረድፍ መንጠቆ የሚቆለፈው ዓይነት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የጥርስ ሳሙናን ቱቦ መሃሉን ጨብጠሽ ታውቂያለሽ። ሳሙናው የት ይሄዳል? ወደ ላይና ወደ ታች። ወደ ላይ ሲሄድ ቃር ይሆናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ወደ ታች ሲሄድ ገና ከምጥ ያላገገሙትን፣ ሽንትና ማህፀን ደግፈው የያዙትን ጡንቻዎች ይጫናል። አንዳንዷ ለቦርጭ ያሰረችውን ይዛ ለሽንት ማምለጥ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ሲፈታ ደግሞ ሆዱ ያው ነው። በቀን 8 ሰዓት ሆድሽን የሚይዝልሽ ሌላ ነገር ካለ ጡንቻውስ ለምን ይድከም? ለሠርጉ ቀን ለሁለት ሦስት ሰዓት ሳሳ ያለ ነገር ብትለብሺ አልጣላሽም። በየቀኑ ግን አይሆንም።

ራቱን ብዪ። የምታጠባ እናት በቀን ከ300 እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል፣ አንድ ጥሩ መክሰስ ማለት ነው። አንቺ ጭራሽ ቀነስሽ። እና ደግሞ፣ እውነቱን እናውራ፣ ራት የዘለለች ሴት ሌሊት 7 ሰዓት ልጅ ልታጠባ ስትነሳ ኩሽና ገብታ ከድስቱ ላይ ቆማ ትበላለች። ጠዋት ሲነጋ ይጸጽታታል፣ ቁርስም ትዘላለች። አንቺ እንደሱ ካልሆንሽ ይቅርታ፣ የማውቃቸው አብዛኞቹ ግን እንደሱ ናቸው፣ እኔም ነበርኩ።

ዝርግ ሆድ ራሱ ምን እንደሆነ ደግሞ እንነጋገር። እኔ አንድ ቀን እስቲ ልይ ብዬ ጠዋት ከሽንት ቤት ስወጣ ወገቤን ለካሁት፣ ማታ ሽሮ በእንጀራ በልቼ ድጋሚ ለካሁት። 5 ሴንቲ። ከጠዋት እስከ ማታ 5 ሴንቲ ስብ አበቀልኩ ማለት ነው? ጋዝ ነው፣ ምግብ ነው፣ ውሃ ነው። ከገና ጾም ጋር ተገጣጥሞ የምትጾሚ ከሆነ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው ሆድ ይነፋል፣ ይሄ የጥራጥሬ ጸባይ ነው። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ደግሞ ብዙ ሴት ውሃ ትይዛለች። ስድስት ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጭን አንጀት፣ ከሥሩ ፊኛና ማህፀን ያለበት ዕቃ ዝርግ እንዲሆን የሚጠበቀው ለምንድነው? አንዷ ደግሞ የጎድን አጥንቷና ዳሌዋ ተራርቀው ይፈጠራሉ፣ ሆዷ የሚያርፍበት ሰፊ ቦታ አለው። ሌላዋ አጠር ያለ ወገብ አላት፣ ያው አንጀት መሄጃ ሲያጣ ወደ ፊት ይወጣል። ሁለቱም እኩል ቢበሉ፣ እኩል ቢሠሩ አንድ ዓይነት ሆድ አይኖራቸውም።

አንዷ ታካሚዬ ቲክቶክ ላይ የምትከተላትን ልጅ ቪዲዮ ይዛ መጣች። «እሷም ወልዳለች፣ ይሄው!» አለችኝ። እስቲ ቀስ አድርገን እንየው አልኳት። ልጅቷ ከመጀመሯ በፊት ትንፋሿን ስባ ትይዛለች፣ ጎድኗ ብቅ ይላል። መብራቱ ከጎን ነው፣ ጥላው በሆዷ ላይ መስመር ይሠራል። የሱሪዋ ወገብ ከእምብርቷ በላይ ነው፣ የታችኛውን ሆድ ደግፎ ይዞታል። ቪዲዮው 9 ሰከንድ ነው። ታካሚዬን መስታወት ፊት አቆምኳትና ያንኑ አስደረግኳት፦ ጎን ዞር፣ ትንፋሽ ሳብ፣ ሱሪውን ከፍ። ሳቀች። ከዚያ ትንፋሿን ስትለቀው አብረን ሳቅን። ከነዚያ 9 ሰከንዶች በኋላ የልጅቷስ ሆድ የት እንደሄደ ማንም አልቀረጸውም።

መስታወት ፊት ቆመሽ ሳለሽ ሌላም ሞክሪ። ዳሌሽን ወደ ኋላ፣ ወገብሽን ወደ ፊት ግፊው፣ ሆድሽ ወደ ፊት ይወጣል። ልጅ ታቅፈው የሚውሉ እናቶች አቋቋም ይሄው ነው፣ ልጁን ሆዳቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ኋላ ይንጋደዳሉ። አሁን ቀስ ብለሽ ዳሌሽን ከሥርሽ አምጪው። ለውጡን አየሽው? አንድ ግራም ሳይቀንስ።

እንግዲህ ምን ላድርግ ላልሽው፣ የምሰጥሽ የቤት ሥራ አሰልቺ ነው። ጠዋትና ማታ ተኝተሽ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ ጎንና ጎንሽ ይስፋ። በአፍሽ ቀስ ብለሽ ስታወጪ ሽንት እንደምትይዢ አድርገሽ ከሥር ሰብሰብ፣ እምብርትሽንም ወደ ጀርባሽ ሳብ፣ 5 ቁጥር ያዢና ልቀቂ። 10 ጊዜ። ሲቀልሽ ያንኑ ይዘሽ አንዱን ተረከዝ ምንጣፉ ላይ እያንሸራተትሽ ዘርጊው፣ መልሺው፣ ከዚያ ሌላኛውን። ልጁን ከአልጋ ስታነሺው፣ ጀሪካን ስታነሺ፣ ልክ ስታነሺ ትንፋሽ አውጪ እንጂ አፍነሽ አትያዢ። በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ልጁን አዝለሽም ይሆናል። በ7 ሳምንት ምን ታያለሽ? ወገብሽ ቀለል ሊልሽ ይችላል፣ ስታስነጥሺ አትሳቀቂም፣ ቀጥ ብለሽ ትቆሚያለሽ። ሆድሽም ትንሽ ሰብሰብ ይላል፣ ምናልባት ካንቺ በቀር ማንም የማያየው ያህል። የተሸበሸበው ቆዳና ሸንተረሩ ግን በስፖርት አይሄድም። በቅባትም አይሄድም፣ ብርሽን ያዢ።

ሐኪም ጋ የምትሄጂበትን ደግሞ ልንገርሽ። እምብርትሽ አካባቢ የሚያብጥና ሲነካ የሚያም ነገር ካለ እበጥ (ሄርኒያ፣ አንጀት ወይም ስብ በሆድ ግድግዳ ክፍተት ብቅ ሲል) ሊሆን ይችላል። ሌላው ሰውነትሽ እየከሳ ሆድሽ ብቻ በየሳምንቱ ከጨመረ፣ ወይም ከጠጠረ፣ ዛሬ ነገ አትበይ። እና ደግሞ፣ አማትሽ ያሉትን በነገር አትያዢው እንጂ፣ የወር አበባሽ ካልመጣ ርካሹንም ቢሆን የእርግዝና መመርመሪያ ግዢ። ማጥባት ሁሌም አይከላከልም።

አንድ የጻፍሽው ነገር ግን ከሆዱ በላይ አሳስቦኛል። መኝታ ቤት ገብተሽ ያለቀስሽው። አንድ ቀን ከሆነ፣ እኔም አለቅስ ነበር። ግን በቀን አሥር ጊዜ መስታወት ፊት እየቆምሽ ከሆነ፣ ፎቶ ሲነሱ ልጁን ሆድሽ ላይ አድርገሽ የምትሸፈኚ ከሆነ፣ መብራት ሳይጠፋ ባልሽ ፊት ልብስ የማታወልቂ ከሆነ፣ የበላሽውን ለማስመለስ ካማረሽ፣ ወይም ልጁም ቤቱም ምንም ደስ የማይልሽ ከሆነ ለሰው ንገሪ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ አንዳንዴ በሆድ በኩል አሳብሮ ይመጣል። እሱን የሚያክሙ ሰዎች አሉ፣ ሲት አፕ አያክመውም።

አማትሽን አልፈርድባቸውም፣ ትንሽ ነው የምፈርድባቸው። እሳቸው ባደጉበት ዘመን «ወፈርሽ!» ማለት ሰላምታ ነበር፣ «ተመችቶሻል» ማለት። የከሳችው ነበረች «ምነው፣ አመመሽ?» የምትባለው። አሁንም ያው እትዬ ናቸው፣ ከስተሽ ብትሄጂ «ልጃችን አላበላሽም እንዴ?» የሚሉት። ሁለቱንም በአንድ ሆድ ማስደሰት አይቻልም። ዘፈኑም ቢሆን ዓይኗ፣ አንገቷ፣ ጥርሷ፣ ዳሌዋ ይላል እንጂ ዝርግ ሆድ የተሞገሰበት እኔ አልሰማሁም። ቋንቋችን ራሱ ታጋሹን ሰው ሲያመሰግነው «ሆደ ሰፊ» ነው የሚለው። የሚቀጥለው ቡና ላይ ደግመው ከጠየቁሽ እየሳቅሽ «አይ እማዬ፣ ሁለቱ የወጡበት ነው» በያቸው። ባልሽም እዚያው ተቀምጦ ከሆነ ዝም ማለት የለበትም፣ እሱን አስቀድመሽ ለብቻው ንገሪው።

ሠርጉ ላይ እንመለስ። ልብስ ሰፊው ጋ ለልኬት ስትሄጂ ምሳሽን በልተሽ፣ ማሰሪያውን ቤት ትተሽ፣ ትንፋሽ ሳትስቢ ቁሚለት። «ጠዋት እኮ ወገቤ ቀጭን ነበር» እያልሽ ልብሱን እንዳታስጠቢው። ከፊት በኩል የሚከፈት አድርጎ ይስፋልሽ፣ ልጁ 9 ወሩ ነው፣ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ ነው ጡት የሚለው።